ባሕርን በስድስት ወር፦ የአይስላንድ የዓሣ ሀብት ሥልጠና ለተማሪው ምን ያስተምረዋል?

የባሕር ዓሣ ማለቂያ የለውም የሚለው እምነት ለብዙ ዘመን ተራውን አጥማጅ ብቻ ሳይሆን የሳይንስ ሊቃውንትንም ሲያሳምን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1883 ለንደን ውስጥ በተከፈተው ዓለም አቀፍ የዓሣ ሀብት ኤግዚቢሽን ላይ ንግግር ያደረጉት እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሃክስሊ፣ እንደ ኮድና ሄሪንግ ያሉት ታላላቅ የባሕር ዓሣዎች የሰው ልጅ ምንም ያህል ቢያጠምዳቸው ሊመናመኑ እንደማይችሉ አስረድተው ነበር። በዘመናቸው በነበረው ጀልባና መረብ ሲመዘን አባባላቸው እምብዛም የሚያስነቅፍ አልነበረም። ችግሩ የመጣው በእንፋሎት፣ ኋላም በናፍጣ ሞተር የሚንቀሳቀሱና የባሕሩን ወለል የሚጠርጉ መረቦችን የሚጎትቱ መርከቦች ከተስፋፉ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ1974 ከዓለም የባሕር ዓሣ ክምችቶች መካከል ከመጠን በላይ የተጠመዱት 10 ከመቶ ገደማ ነበሩ። በ2021 ግን ይኸው ድርሻ 37.7 ከመቶ ደርሷል።

ይህን ሂደት ለመግታት የሚያስችል ዕውቀት በእጅጉ የሚያስፈልገው የውኃ ሀብትን የሚያስተዳድሩ ተቋማት ገና ባልጠነከሩባቸው አገሮች ነው። ለእነዚህ አገሮች ባለሙያዎች ከተከፈቱት የአጭር ጊዜ የውጭ አገር የትምህርት ዕድሎች አንዱ በአይስላንድ የሚሰጠው የስድስት ወር የዓሣ ሀብት ሥልጠና ነው። ሥልጠናው እ.ኤ.አ. በ1998 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል በተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ስም ይካሄድ ነበር። ከ2020 ወዲህ ግን በዩኔስኮ ጥላ ሥር በተቋቋመው ግሮ በሚባለው ማዕከል ይመራል። ማዕከሉ ከዓሣ ሀብቱ ሌላ የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ የተጎዳ መሬት ማገገሚያና የሥርዓተ ፆታ እኩልነት ሥልጠናዎችንም ይሰጣል። ኢትዮጵያውያን አንባቢያን ስለ አይስላንድ ሥልጠና ሰምተው ከሆነ ምናልባት በእንፋሎቱ በኩል ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ በእንፋሎት ኃይል ፍለጋ ላይ ከተሰማሩት ባለሙያዎቻችን መካከል ሬይክያቪክ ሄደው የሠለጠኑ አሉና።

አይስላንድ ለዚህ ትምህርት የተመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። የሕዝቧ ቁጥር 400 ሺህ እንኳ አይሞላም። የየብስ ስፋቷ 103 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በብቸኝነት የምትጠቀምበት የባሕር ክልል ደግሞ 758 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሃያኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ የውጭ ንግዷ የተመሠረተው በዓሣ ላይ ነበር። ዓሣው ቢጠፋ የምትተማመንበት ሌላ ምንም ያልነበራት አገር በመሆኗ፣ የባሕርን ሀብት በአግባቡ የመያዝ ጉዳይ ለእርሷ የአካባቢ ጥበቃ ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የህልውና ጥያቄ ነበር።

ተማሪዎቹ በአንድ ዙር 20 ገደማ ሲሆኑ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከካሪቢያንና ከፓስፊክ ደሴቶች የሚመጡ፣ ዲግሪ ያላቸውና በየአገራቸው በዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቶች፣ በምርምር ተቋማት ወይም በጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም በአንድነት አጠቃላይ ትምህርት ይወስዳሉ። ቀጥሎም በሙያቸው ተከፍለው የክምችት ግምገማ፣ የፖሊሲና አስተዳደር፣ የጥራት አያያዝ ወይም የዓሣ እርባታ ትምህርት ይከታተላሉ። የቀረውን ጊዜ አንድ አማካሪ ተመድቦላቸው የየራሳቸውን ጥናት ይሠራሉ። ትምህርቱ ከባሕርና ንጹሕ ውኃ ምርምር ተቋሙ ሌላ በአኩሬይሪና በሆላር የሚገኙ የትምህርት ተቋማትንም ስለሚያሳትፍ፣ ተማሪው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይቀርም። ወቅቱም ክረምታቸው ነው። በታኅሣሥ ወር በሬይክያቪክ የቀኑ ብርሃን አራት ሰዓት ብቻ የሚቆይ በመሆኑ፣ ከምድር ወገብ አካባቢ ለሄደ ሰው ጨለማውን መልመድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ተማሪው መጀመሪያ የሚገጥመው ታሪክ ነው፤ ይህም የውድቀት ታሪክ ነው። በሰሜን አይስላንድ የምትገኘው ሲግሉፊዮርዱር የተባለች ትንሽ ከተማ በሄሪንግ ዓሣ የበለጸገች የወደብ ከተማ ነበረች። በየበጋው ከመላ አገሪቱ የሚሰበሰቡ ሴቶች በወደቡ መድረኮች ላይ ሄሪንግ እየጨመሩ በበርሜል ሲሞሉ ይውሉ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን የሄሪንጉ ክምችት ከኖርዌይ እስከ አይስላንድ ድረስ ባለው ባሕር ተንኮታኮተ። የኃይለኛ ሞተሮች፣ ዓሣን በድምፅ ሞገድ የሚያገኙ መሣሪያዎችና የባሕሩ መቀዝቀዝ ተደማምረው ውጤቱን አስከተሉ። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ የሚጎበኘው የሄሪንግ ዘመን ሙዚየም ነው።

ከዚያ የሚከተለው የኮድ ጦርነት በመባል የሚታወቀው የአይስላንድና የብሪታንያ ፍጥጫ ነው። አይስላንድ የዓሣ ማጥመጃ ክልሏን እ.ኤ.አ. በ1958 ወደ 12፣ በ1972 ወደ 50፣ በ1975 ደግሞ ወደ 200 የባሕር ማይል አሰፋች። የብሪታንያ ዓሣ አጥማጅ መርከቦች አንወጣም በማለታቸው የንጉሣዊው የባሕር ኃይል ፍሪጌቶች አጀቧቸው። መደበኛ ጦር የሌላት አይስላንድ የነበራት ጥቂት የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከቦች ብቻ ነበሩ። ዋና መሣሪያቸውም ከኋላቸው የሚጎትቱትና የባላጋራን የመረብ ገመድ የሚበጥስ ባለ ብዙ ጥርስ መንጠቆ ነበር። በየካቲት 1976 ሁለቱ የኔቶ አባላት የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸውን እስከ ማቋረጥ ደረሱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይም ስምምነት ተደርጎ የብሪታንያ መርከቦች ለቀው ወጡ። የ200 ማይሉ ክልል በኋላ በ1982 በጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ዓለም አቀፍ ሕግ ሆኗል። በግጭቱ የተሳተፈችው ኦዲን የተባለችው መርከብ ዛሬ በሬይክያቪክ ወደብ ለጎብኚዎች ክፍት ናት።

ለተማሪው ቁም ነገሩ ግን ድሉ ሳይሆን ከድሉ በኋላ የሆነው ነው። የባዕዳን መርከቦች ከወጡ በኋላ አይስላንዳውያን በብድር አዳዲስ መጎተቻ መርከቦችን ገዝተው የተለቀቀውን ስፍራ ራሳቸው ሞሉት። የምርምር ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣውና ጥቁሩ ሪፖርት ተብሎ በሚታወቀው ጽሑፍ የኮድ ክምችት በአደገኛ ሁኔታ እየተመናመነ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ለዓመታት ከመነገር አልፎ በሥራ ላይ አልዋለም። በርካታ የአፍሪካ ጠረፍ አገሮች ዛሬ የውጭ መርከቦችን ሕገ ወጥ ዘረፋ በትክክል ያወግዛሉ። አይስላንድ የሄደ ተማሪያቸው ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ግን ባዕዱን ማስወጣት ሥራው የሚጀመርበት እንጂ የሚጠናቀቅበት አለመሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 እያንዳንዱ መርከብ በዓመት የሚያጠምደው መጠን በኮታ ተወሰነለት። በ1990 የወጣው ሕግ ደግሞ ኮታው በባለቤቶች መካከል በነፃ እንዲሸጥና እንዲለወጥ ፈቀደ። የሕጉ የመጀመሪያ አንቀጽ የዓሣው ሀብት የአይስላንድ ሕዝብ የጋራ ንብረት መሆኑን ይደነግጋል። የጋራ ንብረት የሆነ ነገር እንዴት በግለሰቦች መካከል ይሸጣል የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የአገሪቱ ፖለቲካ ዋነኛ መከራከሪያ ሆኖ ቀጥሏል። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ኮታ ለመወሰን በባሕር ውስጥ ምን ያህል ዓሣ እንዳለ ማወቅ ግድ ይላል፤ ከስድስቱ ወር ትምህርት ከባዱም ይኸው ነው። ዛፍ ይቆጠራል፣ ከብት ይቆጠራል፤ ዓሣ ግን አይታይም፣ ይንቀሳቀሳል፣ እርስ በርሱም ይበላላል። አይስላንዳውያን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በየዓመቱ መጋቢት ወር ላይ ወደ 600 በሚጠጉ የተወሰኑ ስፍራዎች አንድ ዓይነት መረብ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ለተመሳሳይ ርቀት እየጎተቱ የወጣውን ይቆጥራሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይለካሉ። ከስፍራዎቹ ከፊሎቹን የመረጡት ሳይንቲስቶች ሳይሆኑ ልምድ ያላቸው የመርከብ አዛዦች ናቸው። ይህም አጥማጁ በኋላ ውጤቱን የሌላ ሰው ወሬ ነው ብሎ እንዳይጥለው ረድቷል። የመረቡ ዓይነት ከዓመት ዓመት አለመለወጡ ለአዲስ ተማሪ ኋላ ቀርነት ሊመስለው ይችላል። ሆኖም የዘንድሮውን ከዛሬ ሠላሳ ዓመቱ ጋር ማነጻጸር የሚቻለው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

ቀጣዩ ሥራ ዕድሜን ማወቅ ነው። በዓሣው ጆሮ ውስጥ የምትገኝ ድንጋይ መሰል አጥንት እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ ቀለበት ትሠራለች። ተማሪው አጥንቷን አውጥቶ፣ ቆርጦ፣ በማጉያ መነጽር ቀለበቶቹን ይቆጥራል። ከዓመት ወደ ዓመት ከአንድ የዕድሜ ቡድን ስንቱ እንደቀነሰ ሲታወቅ፣ በማጥመድ የተወሰደውንና በተፈጥሮ የሞተውን ደምሮ ቀድሞ ምን ያህል እንደነበረ ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። ሞቃት በሆኑ ሐይቆችና ባሕሮች የወቅቶች ልዩነት ጎልቶ ስለማይታይ ቀለበቶቹ እንዲህ በግልጽ አይነበቡም። በመሆኑም ከሐሩር አካባቢ የመጡት ተማሪዎች በርዝመት ልኬት ላይ የተመሠረቱ ሌሎች ስሌቶችን ይማራሉ።

ክምችቱ ከታወቀ በኋላ የኮታው መጠን በሹማምንት ፈቃድ ሳይሆን አስቀድሞ በተደነገገ ቀመር ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1995 ለኮድ የወጣው ደንብ ከሚጠመደው ክምችት 25 ከመቶው እንዲወሰድ ይፈቅድ ነበር፤ በ2009 ወደ 20 ከመቶ ዝቅ ተደርጓል። በዚህ ደንብ መሠረት ዕድሜያቸው አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ኮዶች ክብደት 20 ከመቶ ከቀደመው ዓመት ኮታ ጋር ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። ለምሳሌ ክምችቱ አንድ ሚሊዮን ቶን ቢሆንና ያለፈው ዓመት ኮታ 240 ሺህ ቶን ቢሆን፣ 200 ሺህና 240 ሺህ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል አዲሱ ኮታ 220 ሺህ ቶን ይሆናል። ያለፈው ዓመት ኮታ ወደ ስሌቱ የገባው ለውጡ ድንገተኛ ሆኖ ፋብሪካዎችንና ሠራተኞችን እንዳያናጋ ነው።

ቀመሩ ቀላል ቢመስልም የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 መንግሥት የሳይንቲስቶቹን ምክር ተቀብሎ የኮድን ኮታ ከ193 ሺህ ወደ 130 ሺህ ቶን በአንድ ጊዜ ቀነሰ። በዚያ ዓመት በዓሣ ላይ የተመሠረቱ ከተሞች የገቢያቸው ሲሶ ሲጎድል ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። ክምችቱ ከዚያ ወዲህ አገግሞ በ2019/20 የማጥመጃ ዓመት ኮታው ወደ 270 ሺህ ቶን ደርሶ ነበር። በ2021 ደግሞ ተቋሙ ክምችቱን አብልጦ ገምቶት እንደነበር ራሱ አስታወቀ፤ ኮታውም በ2022/23 ወደ 210 ሺህ ቶን ገደማ ወረደ። የምርምር ተቋም ግምቱ እንዳልሠመረ በይፋ ሲናገርና መንግሥትም ተቀብሎ ኮታውን ሲቀንስ ማየት፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ከማናቸውም የሒሳብ ቀመር የበለጠ ለተማሪው የሚጠቅመው ነገር ነው።

የተቃራኒው ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ጠረፍ የነበረው የኮድ ክምችት ከዓለም እጅግ ሀብታሙ ነበር። ኮታው ለዓመታት ከሚገባው በላይ ተይዞ በመቆየቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1992 ማጥመድ ፈጽሞ እንዲቆም ታወጀ። 30 ሺህ ያህል ሰዎችም ሥራቸውን አጡ። ለሁለት ዓመት ተብሎ የታወጀው እገዳ በይፋ የተነሣው በ2024 ነው።

የቁጥጥሩ ነገር በወደብ ላይ ይታያል። እያንዳንዱ መርከብ ያመጣው ዓሣ በፈቃድ በተሠየመ መዛኝ ይመዘናል፤ የመርከቡ ስም፣ የዓሣው ዓይነትና ክብደቱም ማንኛውም ዜጋ ሊያየው በሚችል መንገድ በኢንተርኔት ይወጣል። የተያዘን ዓሣ ወደ ባሕር መልሶ መጣል ክልክል ነው። ኮታው ያለቀበት አጥማጅ ዓሣውን እንዳይጥል፣ የተወሰነውን ከኮታ ውጪ እንዲያራግፍና የሽያጩ አብዛኛው ገንዘብ ለምርምር ፈንድ እንዲገባ ይደረጋል። ለእርሱም ጥቂት ይደርሰዋል፤ ለመስረቅ የማያጓጓ፣ ለመጣልም የማያስገድድ ያህል። ይሁንና ነገሩ ሁሉ የተሟላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሰው አልባ በራሪ ካሜራዎችን መጠቀም ሲጀምር ዓሣ የመጣሉ ድርጊት ቀድሞ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ሆኖ ተገኝቷል።

ዓሣን ሳያባክኑ የመጠቀሙ ትምህርት ደግሞ ለአፍሪካ ቅርብ ነው። የኮዱ ሥጋ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሲሄድ ጭንቅላቱና የጀርባ አጥንቱ በከርሰ ምድር ሙቀት ደርቆ በብዛት ወደ ናይጄሪያ ይላካል፤ በዚያም የወጥ ማጣፈጫ ነው። ቆዳው ቁስልን ለማዳን የሚውል መድኃኒታዊ ምርት ይወጣዋል። በኢሳፊዮርዱር ከተማ ተመሥርቶ ይህን ቆዳ የሚያመርተው ኬሬሲስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ለዴንማርክ ኩባንያ ተሸጧል። በብዙ ሐይቆቻችን ዳርቻ ቆዳና አጥንቱ ለአሞራ የሚጣል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ንጽጽሩ ያሳስባል።

አሁን ወደ ኮታው ሽያጭ እንመለስ። ኮታ የሚሸጥ ዕቃ በሆነ ጊዜ ትላልቅ ኩባንያዎች እየገዙ አከማቹት፤ መርከቦች ጥቂትና ትርፋማ ሆኑ። ነገር ግን መርከቡ ኮታውን ይዞ ሲሸጥ ወደቡ ብቻውን ይቀራል። በምዕራባዊ ፊዮርዶች የምትገኘው ፍላቴይሪ እ.ኤ.አ. በ1995 የበረዶ ናዳ 20 ሰዎችን የገደለባት መንደር ናት። ከዚያ ሐዘን ተነሥታ እንደገና የቆመችው ይህች መንደር በ2007 ትልቁ የዓሣ ድርጅቷ ተዘግቶ ኮታው ሲሸጥ አብዛኛውን የሥራ ዕድሏን አጣች። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ በሁለት አይስላንዳውያን አጥማጆች አቤቱታ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ለቀደምት መርከብ ባለቤቶች በነፃ ተሰጥቶ በቋሚነት የቀረው ኮታ የእኩልነት መብትን የሚጥስ ሆኖ አግኝቶታል። መንግሥት ከዓሣው ሀብት ላይ ክፍያ ያስከፍላል፤ ከ2009 ጀምሮም ትናንሽ ጀልባዎች በበጋ ወራት ያለ ኮታ በመንጠቆ ብቻ እንዲያጠምዱ ፈቅዷል። ክርክሩ ግን አልተቋጨም።

ከአፍሪካ የሄደ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባው ይህንን ገጽታ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ባለ ታንኳና ባለ ጀልባ አጥማጆች ባሉበት፣ ዓሣው በአንድ ወደብ ሳይሆን በመቶ የሐይቅ ዳርቻዎች በሚወርድበት አገር የግለሰብ ኮታ ማከፋፈል የማይቻል ብቻ ሳይሆን ድኻውን የሚያፈናቅል ሊሆን ይችላል። ሊወሰድ የሚገባው የልኬቱ ባህልና ለልኬቱ የመገዛት ልምድ ነው እንጂ የኮታው ገበያ አይመስለንም።

በደንብ የያዙት ሀብትም ቢሆን ድንበር አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ገደማ በኋላ የባሕሩ ሁኔታ ሲለወጥ ማኬሬል የተባለው ዓሣ በብዛት ወደ አይስላንድ ባሕር ገባ። አይስላንድ፣ ኖርዌይ፣ የፌሮ ደሴቶችና የአውሮፓ ኅብረት በድርሻው ባለመስማማታቸው የየራሳቸውን ኮታ እያወጡ ድምሩ ሳይንቲስቶቹ ከመከሩት በላይ ሆነ። የኮድ ምግብ የሆነው ካፔሊን ደግሞ በመመናመኑ በ2019ና በ2020 ጨርሶ ሳይጠመድ ቀርቷል። በወንዝና በሐይቅ ከጎረቤት ጋር የሚጋራ አገር ባለሙያ ይህን ክፍል ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የሥልጠናው መጨረሻ ተማሪው በራሱ አገር ችግር ላይ፣ በተቻለ መጠንም ከአገሩ በያዘው መረጃ የሚሠራው ጥናት ነው። ጥናቶቹ ታትመው ለማንኛውም አንባቢ ክፍት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ዓሣዋ በሐይቅና በወንዝ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ጥናት የሚሆን ጉዳይ ግን አይጠፋባትም። በጣና ሐይቅ የሚኖሩትና ላቤኦባርቡስ በሚል የሳይንስ ስም የሚታወቁት፣ በተለምዶ ነጭ ዓሣ የምንላቸው ዝርያዎች አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ከፊሎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይጎርፋሉ። በዚሁ ጊዜ በወንዞቹ መግቢያ ላይ መረብ ሲዘረጋ የሚያዙት ገና ያልወለዱት ናቸው። ቁጥራቸው በእጅጉ መቀነሱን ተመራማሪዎች ካሳወቁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለቁጥጥሩ የሕግ መሠረት አስቀምጧል። የጎደለው በየማራገፊያው ሚዛን ይዞ የሚቆም ሰውና በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መረብ የሚለካ ተቋም ነው። የዚህ ወጪ ደግሞ የአይስላንድን መርከቦች ያህል አይጠይቅም።

ወደ ሥልጠናው የሚገባው ግለሰቡ በራሱ ባቀረበው ማመልከቻ ብቻ አይደለም። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሊያጩው፣ በሙያው የሥራ ልምድ ሊኖረውና ሲመለስም ወደዚያው ሥራ የሚገባ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። የትምህርት፣ የጉዞና የኑሮ ወጪውን ማዕከሉ ይሸፍናል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ስድስቱን ወር አጠናቀው ጥሩ ውጤት ካመጡት መካከል የተወሰኑት በአይስላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያበቃ ድጋፍ ያገኛሉ።